ግማሽ ብርቱን ያላነሳ

ስቴይናቪክ፣ ዲሴምበር 2፣ 1979

ይድረስ ለወንድሜ ለኮልበይን፣ ዮተቦሪ፣ ስዊድን

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። የማስተምራቸው ልጆች ደህና ናቸው፣ በጎቹ ደህና ናቸው፣ ባሕሩም እንደ ልማዱ ይጮኻል። ሰላምታ ሳበዛ የደበቅሁት ነገር እንዳለ ስለምታውቅ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

አዎ፣ ልክ ጠርጥረሃል። ሦስት ደብዳቤ ሙሉ «አባባ ሰላም ይሉሃል» ሳልል የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ሆድና ግንባር አይሸሸግም፤ ይኸው ወጣ። የአባባ እግር ተሰብሯል። በኦክቶበር መጀመሪያ ጀልባዋን አስረው ሲመለሱ የወደቡ ደረጃ ላይ በረዶ አዳለጣቸውና ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ሄደ። ይቅር በለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ መስመራችንን ታውቀዋለህ፤ አሥራ አንድ ቤት ነው መስመሩን ተጋርቶ ጆሮውን የሚለጥፍብን። ለሐኪሙ ስደውል እንኳ እማማ ፊና ከማዶ «ውይ በሞትኩት!» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ደግሞም አባባ «ለዚያ ልጅ ብትነግሪው ዓይንሽን አላይም» ብለው አስምለውኝ ነበር። ማልኩ፤ ይኸው አፈረስኩ።

ጀሶው የተፈታው ባለፈው ሳምንት ነው። እግራቸውን አዩና «ይኼ ደግሞ የማን እግር ነው?» አሉ። ሐኪሙ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። በነጋታው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ድንጋዮቹ ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ሙሉ ብርቱ፣ ግማሽ ብርቱና ደካማ፣ ሦስቱም ድንጋዮች አንተ እንደተውካቸው ወደቡ ዳር ተቀምጠዋል። አባባ ደካማን፣ ያቺን ልጆች የሚጫወቱባትን፣ ከጉልበታቸው በላይ ማሳለፍ አቃታቸው።

ሕጉን ላንተ መንገር የለብኝም፤ ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል? ግማሽ ብርቱን ከመሬት አንስቶ ወገብ ከምትደርሰው እርከን ላይ ያላስቀመጠ ሰው በጀልባችን በ«ሶልቬይግ» አይሳፈርም። ሌሎቹ ጀልባዎች ይህን ነገር በአያታችን ዘመን ነው የተዉት፤ ይዘውት የቀሩት የኛ አባት ብቻ ናቸው። አሁን ሕጉ ዞሮ ዞሮ ራሳቸው ላይ መጣ። «በመርከበኞች ቀን፣ ጁን አንድ፣ በሕዝብ ፊት እሞክራለሁ» አሉኝ። «ካቃተኝ የእናትሽን ስም የያዘችውን ጀልባ ለማዶው ፊዮርድ ሰው ሸጬ የሽማግሌዎች ቤት እገባለሁ።» ስልሳ ሦስት ዓመታቸው እኮ ነው። ከባሕር ተለይተው እዚያ ቤት ከገቡ አንድ ክረምት አያወጡም፤ እኔም አንተም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ላሠራቸው ነው። አሮጌው ጨው ቤት ውስጥ ክብደት የማነሳበት ዘንጌና ዲስኮቼ አሉ፤ እኔን ለዚህ ያበቃኝ እሱ ብረት ነው። አንተ በሆስፒታል ሰው በማሽን የምታሠራ ወጌሻ ስለሆንክ ሳቅብኝ። ሰው ከመሬት ማንሳትን የሚለምደው ከመሬት በማንሳት ነው፤ እኔ ሌላ አላውቅም።

እህትህ ኡና


ዮተቦሪ፣ ዲሴምበር 19፣ 1979

ለእትዬ ኡና

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? በመጀመሪያ፣ ተቀይሜሻለሁ። ቀጥሎ ይቅር ብዬሻለሁ። ሁለቱንም ከቤቴ እስከ ሆስፒታሉ ባለው የትራም መንገድ ላይ ጨረስኳቸው።

ከኋላ የላክሻት አጭር ወረቀትም ደርሳኛለች። በቁጢጥ ልጀምራቸው ወይስ ከመሬት በማስነሳት ላልሽው፣ በየትኛውም አትጀምሪ! ዘንጉን ከሳቸው አርቂው። ብረትሽን ንቄ አይደለም። የዘንግ ጥሩነቱ ሰውየው ራሱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማስገደዱ ነው፤ መጥፎነቱም እሱው ነው። አባባ አሁን ያላቸው አንድ እግር ተኩል ነው። ዘንግ ካሸከምሻቸው ደህነኛው እግር ሥራውን ሁሉ ይወስድና የታመመው እንደ ባለሥልጣን ቁጭ ይላል። ማሽን ላይ ግን ጀርባቸውን ተደግፈው፣ የታመመውን እግር ብቻውን ማሠራት ይችላሉ። ሚዛኑን ክብደቱ የሚሄድበት ሐዲድ ይጠብቅላቸዋል፣ የሳቸው ሥራ መግፋት ነው። ጡንቻ ክብደቱ በዘንግ ይምጣ በሐዲድ ዓይን የለውም፤ ከበደው ወይስ ቀለለው፣ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

ሆስፒታላችን አሮጌ ማሽኖቹን ሊጥል ስለሆነ አንድ እግር መግፊያ ለምኜ ወስጃለሁ። ፈታትቼ በሣጥን አድርጌ በጃንዋሪው መርከብ እልከዋለሁ። ከማን ነው ካሉሽ ከሆስፒታል ነው በያቸው። ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ግማሽ ብርቱ ከደረቴ አምልጦ ሲወድቅ፣ አባባ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ገመዱን ፈትተው ወደ ባሕር ወጡ። በሳምንቱ እኔም በመርከብ ሄድኩ። ከእናታችን ቀብር በቀር ተመልሼ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ድንጋዩ እሳቸውንም የሚያቅታቸውን ቀን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ደስታው አልመጣም። ማሽኑን ልለምን ነው የተነሳሁት።

ለመርከበኞች ቀን ትመጣለህ ወይ ላልሽው፣ ቀለሜ እያለቀ ነው።

ወንድምሽ ኮልበይን


ስቴይናቪክ፣ ፌብሩዋሪ 10፣ 1980

ለማሽን ወጌሻው ወንድሜ

«ሣጥኑ አልደረሰም እንዴ?» ብለህ ቴሌግራም መላክህ አስቆኛል። ደርሷል። ደርሶም ሥራ ጀምሯል። የት መሰለህ? ቁጭ ብለህ አንብብ።

ሣጥኑ ከመርከብ ሲወርድ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የዓሣ ፋብሪካው አለቃ ስቱርላ ደግሞ ከስዊድን የሚመጣለት የዓሣ ቆዳ መግፈፊያ ነበረው፤ መንገድ መንገድ ሲያይ ነው የከረመው። የስዊድን ጽሑፍ ያለበት ከባድ ሣጥን ሲያይ ምን ይጠይቃል? ወሰደው፣ ገጣጠመው፣ ሲሚንቶው ላይ በስምንት ብሎን ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ ሦስት ጎልማሶች ሁለት ቀን ሙሉ «ዓሣው በየት በኩል ነው የሚገባው?» እያሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ስቱርላ መቀመጫው ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ አስተኝቶ መግፊያውን ሲረግጥ ያዩት ሴቶች እስካሁን ጎናቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ደርሼ «ኧረ ይኼ የሰው እግር መግፊያ ነው!» ስለው አፉን ከፍቶ አየኝ። «ታዲያ ዓሣ እግር እንደሌለው ቀድሞ ማን ይነግረኛል?» አለ።

ብሎኑን ፍታልኝ ብለው እምቢ አለ። «ሲሚንቶዬን አላስፈነቅልም። ጋሽ ኦድጌይር እዚሁ መጥተው ይግፉ» አለኝ። አባባ ይህን ሲሰሙ የሆኑትን ገምት። «በዓሣ ጭንቅላት መሃል፣ በሴቶች ፊት፣ እንደ ሕፃን ተቀምጬ? በዚህ የላም ማለቢያ ላይ!» ብለው በሩን ዘጉ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት እማማ ፊና ዓሣ ከሚቆርጡበት ከፋብሪካው መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቢላዋቸውን እንኳ ከወገባቸው አልፈቱም። «አንተ ኦድጌይር፣ ና ውጣ! ቦታው ሞቃት ነው፣ እኛም የምናየው ነገር ቸግሮናል» አሏቸው። አባባ እያጉረመረሙ ሄዱ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ሴቶች የደረቀ ዓሣ በቅቤ እየበሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥሩላቸዋል። አባባ አንድ ሊያጎድሉ ሲሞክሩ እማማ ፊና «ዘጠኝ ነው፣ አታጭበርብር!» ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ትናንት ከዘራቸውን ረስተው ነው የመጡት።

ከማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። ከሆስፒታል አልኳቸው። የሣጥኑን ክዳን አገላብጠው አዩና «የዚህን ሆስፒታል የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ» አሉ። ክዳኑንም አላስጣሉም፤ ወስደው ጀልባ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል።

ኡና


ዮተቦሪ፣ ማርች 4፣ 1980

ለእትዬ ኡና

የስቱርላን ነገር ለታካሚዎቼ አነበብኩላቸው፤ አንዱ ስፌቱ እስኪያመው ነው የሳቀው። ስቱርላን በኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ። መግፈፊያው እንዲመጣለትም ጸልያለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «መቶ አርባ ኪሎ ከገፉ ዘጠና ሁለት ኪሎ ድንጋይ ምን ያቅታቸዋል?» ላልሽው፣ ያቅታቸዋል። በማሽኑ ቁጥር እንዳትታለዪ። ማሽኑ ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሐዲድ አለው። ግማሽ ብርቱ አያውቅም። ክብ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አመለኛ ነው። እኔ እዚህ መቶ ሰማንያ የሚገፋ ሰው የድንች ጆንያ አንስቶ ወገቡን ሲይዝ አይቻለሁ። ሰው የሚበረታው በለመደው ነገር ነው፤ ይህን ዲሴምበር ላይ አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ ልክ ነበርሽ። ጊዜው ነበር ያልደረሰው።

እግራቸው አሁን መቆም ከቻለ የአንቺ ተራ ነው። ወደ ጨው ቤት ይግቡ። በባዶ ዘንግ ጀምሪ፤ «ስድብ ነው» ቢሉሽም አትስሚያቸው። ማሽኑንም አያቁሙ፤ የታመመው እግር ለብቻው መሥራቱን ይቀጥል። ይህን ደብዳቤ «ተሸነፈ» ብለሽ ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፊው፣ አደራ።

አንተስ ራስህ ትሠራለህ ወይ ብለሽኛል። እሠራለሁ። ምን እንደምሠራ ሌላ ጊዜ።

ኮልበይን


ስቴይናቪክ፣ ኤፕሪል 20፣ 1980

ለኮልበይን

ለጥፌዋለሁ። ግን አጠገቡ የኔንም ሽንፈት ልለጥፍ ነው።

ዲሴምበር ላይ ያልነገርኩህ ነገር አለ። «በየትኛውም አትጀምሪ» የሚለው ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ጀምሬያቸው ነበር። ባዶውን ዘንግ ትከሻቸው ላይ አደረግሁ፤ ቁጢጥ ሲሉ እግራቸው ከዳቸውና ከነዘንጉ ጨዉ ላይ ወደቁ። አልተጎዱም። ግን ተነሥተው ልብሳቸውን ሲያራግፉ ዓይኔን አላዩኝም። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም። አፍሬ ነው ያልጻፍኩልህ። ማሽንህ ባይመጣ ኖሮ እኔ በገዛ እጄ የሽማግሌዎች ቤት አስገብቻቸው ነበር።

አሁን ሌላ ሰው ሆነዋል። ማክሰኞ ዕለት ዘጠና ኪሎ ከመሬት አነሱ፣ ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ። «ድንጋይ መጨበጫ የለውም፣ ለእሱስ ምን አስበሻል?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ እርጥብ የጨው ጆንያ እያቀፉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። ጆንያውን ሲያቅፉ ይሰድቡታል። ስድቡን አልጽፍልህም።

ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርህ። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሰንብቻለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት አባባ ማሽኑ ላይ ሆነው ደክሟቸው «በሕዝብ ፊት ከምዋረድ ዛሬውኑ ጀልባዋን ብሸጣትስ?» አሉ። እማማ ፊና ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምን አልክ አንተ? ለመውደቅ አዲስ ነህ እንዴ? ያ ድንጋይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጥልህ ቆሜ አይቻለሁ! በአሥራ አምስትህ፣ በአሥራ ስድስትህ፣ በአሥራ ሰባትህ። ያስቀመጥከው በአራተኛው ነው፤ ያን ቀን አባትህ ሲያለቅስ መሐረብ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ታውቅ ነበር እንዴ? እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ ገና መስማቴ ነው። አባባ ከማሽኑ ወርደው ወጡ፣ አራት ቀን አልመጡም። በአምስተኛው ቀን መጥተው ተቀመጡና «ቁጠሩ» አሉ።

ኡና


ዮተቦሪ፣ ሜይ 9፣ 1980

ለእትዬ

አላውቅም ነበር።

ተናደድክ ወይ ብለሽኛል። አዎ፣ ተናድጄ ነበር፣ ያውም እንዴት! ሦስት ጊዜ! ያን ቀን «እኔም ወድቄ ነበር» ቢሉኝ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ በዓመቱ ተመልሼ እሞክር ነበር። እኔ እኮ በሕይወቱ የወደቀ አባት ያለኝ አይመስለኝም ነበር። አሁን ንዴቱ በርዷል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ ወድቆ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል፤ ያ ልጅ አባባ ነው ብሎ ማሰብ ይቸግረኛል፣ ግን እወደዋለሁ።

እንግዲህ የኔንም ልንገርሽ። ምድር ቤቴ ውስጥ ድንጋይ አለ። ከባሕሩ ዳር በጋሪ ያመጣሁት፣ በሆስፒታሉ ሚዛን የመዘንኩት፣ ዘጠና አንድ ኪሎ ተኩል። ሦስት ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ጭኔ ድረስ አነሳውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በላይ መቻል አለመቻሌን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። ማሽን ላይ ሰው አይወድቅም እኮ። ቢያቅተው ይለቀዋል፣ ብረቱ ኳ ብሎ ይቀመጣል፣ ማንም አላየም። ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ አልመጣም። ምክንያቱን አሁን ነግሬሻለሁ። በዕለቱ እጃቸውን በደረቅ አሸዋ ይሹት፤ ድንጋዩን ከደረታቸው ሳይሆን ከሆዳቸው ያስጠጉት። እኔ ያጠፋሁት እሱን ነው። ውጤቱን በቴሌግራም አሳውቂኝ።

ኮልበይን


ስቴይናቪክ፣ ጁን 2፣ 1980

ለኮልበይን ወንድሜ

ቴሌግራም ያልላክሁት ለነገሩ ቴሌግራም ስላልበቃኝ ነው። ትንፋሽህን ይዘህ እንዳታነብ ቀድሜ ልንገርህ፤ ድንጋዩ እርከኑ ላይ ተቀምጧል። እልልልል!

አሁን ከመጀመሪያው። በመጀመሪያው ሙከራ ከደረታቸው አምልጦ ወደቀ። ያንተው አወዳደቅ፣ ያው ቦታ። ወደቡ ሙሉ ሰው ነበር፣ የማዶው ፊዮርድ ሰውዬም ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። ስቱርላ አላስችል ብሎት «ጋሽ ኦድጌይር፣ ከሰባራ እግር ጋር እኮ ነው፣ ይቆጠርልዎታል!» ብሎ ጮኸ። አባባ ዞረው «አይቆጠርም!» አሉት። እጃቸውን እንደገና አሸዋ አሹ። እኔ «ከሆድዎ! ከሆድዎ ያስጠጉት!» አልኳቸው። «ማነው ያለው?» አሉኝ። «ሆስፒታሉ» አልኩ። ያኔ ሳቁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሆዳቸው ላይ አስጠጉት፣ አስቀመጡት። የታመመችው እግር ቀጥ ብላ ቆማ የተንቀጠቀጠችው ደህነኛዋ ናት፤ እማማ ፊና «እሷንም ማሽን ላይ እናውጣት» ብለው ሕዝቡን በሳቅ ፈጁት።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ በሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ማሽኑ ነው ያነሳቸው ይላል፣ ግማሹ የኡና ብረት ነው። ስቱርላ ስምንቱ ብሎኖች ናቸው ባይ ነው። አባባን ሲጠይቋቸው «ያነሳሁት እኔ ነኝ» ይላሉ።

«እኔን አንስተው ነበር ወይ?» ማለትህ አይቀርም፤ ስምህን አልጠሩም። ግን የሆነውን ልንገርህና አንተው ፍረድ። ያስቀመጠ ሰው ድንጋዩን እዚያው ትቶ ወደ ድግሱ መሄድ ነው ልማዱ፣ ልጆች ናቸው የሚያወርዱት። አባባ አልሄዱም። ራሳቸው አቅፈው አወረዱት፣ ሣሩ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት፣ ጭቃውን በእጀታቸው ጠረጉለት። «የሚቀጥለው ሰው ከመሬት ነው የሚጀምረው» አሉ። ስቱርላ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ሲጠይቃቸው አሸዋውን ከእጃቸው አራግፈው ወደ ድግሱ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት «ሶልቬይግ» ባሕር ላይ ወረደች። ከመሳፈራቸው በፊት ከእጄ አንድ ወረቀት ወስደው ጻፉበት። በዕድሜያቸው ደብዳቤ ሲጽፉ ሳይ መጀመሪያዬ ነው። አጥፈው ነው የመለሱልኝ፤ እኔም ሳላነብ ከዚህ ጋር አሽገዋለሁ።

እህትህ ኡና


ኮልበይን፣

ማሽኑ ደህና ነው። የእህትህም ብረት ደህና ነው።

ለእኔ አባቴ አራት ጊዜ ፈቅዶልኛል። አንተ አንድ ጊዜ ሞክረህ ሄድክ። በዓመቱ ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው።

ሦስት ይቀርሃል።

አባትህ ኦድጌይር